ሕጉ ስኩዌር ፊት ይቆጥራል፤ ቤተሰብ አይቆጥርም

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የምኖርበት ኮንዶሚኒየም በ1960ዎቹ የተሠራ ቀይ ጡብ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ምድር ቤት ያለው የጋዝ ቦይለር ጥቅምት ላይ አንዴ ከተለኮሰ እስከ ሚያዝያ አይጠፋም። ቧንቧው እንደ ዘመኑ አሠራር አንድ ወጪና አንድ መላሽ ብቻ በመሆኑ ሕንጻው በሙሉ ወይ ይሞቃል ወይ ይቀዘቅዛል እንጂ የየቤቱን ፍላጎት አያውቅም። እናም ውጭው ገና ለስለስ ባለበት የጥቅምት ቀን እኛ ቤት አፋር ይሆንና መስኮት ከፍተን እናድራለን። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጎረቤቴ የሐረር ሰው ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ ወጥተዋል። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። «ልጄ፣ እኛ እኮ ሰማዩን ነው የምናሞቀው» ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው።

ባለፈው የብርድ ወራት የሕንጻው ማኅበር ስብሰባ ጠርቶ አንድ መሐንዲስ አስረዳን። የሕንጻችሁ የኃይል ፍጆታ በካውንቲው ሕግ ከተፈቀደው በላይ ነው፤ በመጪዎቹ ዓመታት መውረድ አለበት፤ መስኮቱም፣ ጣሪያውም፣ ቦይለሩም መቀየር ይኖርበታል አለ። ግራፉ ያማረ ነበር። ጋሼ እጃቸውን አወጡና «የእኔ ድርሻ ስንት ነው?» አሉ። መሐንዲሱ ግምቱን ነገራቸው። ጋሼ ቁጥሩን በወረቀት ጻፉት፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ «ከዓመት ጡረታዬ ይበልጣል» ብለው ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ግራፉ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ሕጉን ለማጥላላት እንዳልሆነ አስቀድሜ ልናገር። በወገኖቻችን መካከል ስለዚህ ጉዳይ ሲነሳ ሁለት ወገን እሰማለሁ። አንደኛው «የአየር ንብረት የጠገበ ፈረንጅ ወሬ ነው፤ ቨርጂኒያ ሄዶ መኖር ነው» ይላል። ሁለተኛው፣ ይበልጡን በሙያው የተደላደለውና የራሱ ግቢ ያለው ምሁራችን፣ «ሳይንስ ተናግሯል፤ የሚቃወም አላዋቂ ነው» ብሎ ፋይሉን ይዘጋል። እኔ ከሁለቱም ጋር አልስማማም። ለምን እንደማልስማማ ለማስረዳት ግን በደፈናው ስለ ሕጉ ከማውራት ሕጉ ምን እንደሚል መጀመር ይሻላል።

የሞንትጎመሪ ካውንቲ ምክር ቤት በ2022 ያወጣው የሕንጻዎች የኃይል አፈጻጸም ሕግ 25,000 ስኩዌር ፊትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሕንጻዎች የኃይል ፍጆታቸውን በደረጃ እንዲቀንሱ ያስገድዳል። ዝርዝር ደንቡ ብዙ ተከራክረውበት በ2025 መጀመሪያ ጸደቀ፤ የመጨረሻዎቹ ቀነ ገደቦች በ2030ዎቹ ውስጥ ይወድቃሉ። በዚያው በ2022 የሜሪላንድ ግዛት ደግሞ በካይ ጋዝን በ2031 ከ2006ቱ መጠን በ60 በመቶ፣ በ2045 ወደ ተጣራ ዜሮ ለማውረድ ሕግ አውጥቷል። ዋሽንግተን ዲሲ ከሁሉም ቀድማ በ2018 ተመሳሳይ ሕግ ነበራት። አዲስ ሕንጻዎች በጋዝ ፈንታ በኤሌክትሪክ ብቻ እንዲሠሩ የሚለው የካውንቲው ሕግም በ2022 መጨረሻ ተከትሏል። (በነገራችን ላይ የመጀመሪያውን ሕግ ስም ወደ አማርኛ የመለሰ አንድ ወረቀት ደርሶኝ ነበር። «የሕንጻ ኃይል አፈጻጸም ደረጃ» ይላል። እናቴ ብታነበው የአንድ ሲቪል ሰርቫንት የሥራ ምዘና ይመስላታል።)

ዓላማው ትክክል ነው። ቦይለራችን ሰማዩን እያሞቀ ነው ብያለሁ። ሂት ፓምፕ የሚሉት መሣሪያ ሙቀትን ከውጭ አየር ስቦ ስለሚያስገባ ለአንድ እጅ ኤሌክትሪክ ሁለት ሦስት እጅ ሙቀት ይሰጣል፤ ተአምር አይደለም፣ ፍሪጃችን ጀርባውን አዙሮ ሲሠራ ማለት ነው። ጋዙም ቢሆን የአየር ንብረት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ነሐሴ 2016 ከእኔ ቤት በማይርቀው ፍላወር ብራንች በተባለ የአፓርትመንት ሰፈር ሌሊት በደረሰ የጋዝ ፍንዳታ ሰባት ሰዎች ሞተዋል። የብሔራዊ ትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በ2019 ባወጣው ግኝት መንስኤው ሕንጻው ውስጥ የነበረ አሮጌ የሜርኩሪ ጋዝ መቆጣጠሪያ መበላሸትና ወደ ውጭ መተንፈሻ ቧንቧው ተላቅቆ መቆየቱ ነበር። የሞቱት ድሃ ስደተኞች ነበሩ። ስለዚህ «አሮጌውን ሕንጻ ተዉት፣ ለድሃ ይመቻል» የሚል ክርክር እኔ ዘንድ ቦታ የለውም።

ጥያቄዬ ሌላ ነው። ሕጉ የሚለካው በምንድን ነው? የሚከፍለውስ ማን ነው?

መለኪያው አንድ ሕንጻ በዓመት የሚፈጀው ኃይል ለወለሉ ስፋት ተካፍሎ የሚገኘው ቁጥር ነው። ለመሐንዲስ ግልጽና ምቹ ነው። አሁን ግን ሁለት ቤት በምናባችን እንሥራ። በመጀመሪያው፣ 900 ስኩዌር ፊት በሆነ ሁለት መኝታ ቤት፣ አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጆችና ከአገር ቤት የመጡ አያት ይኖራሉ፤ አምስቱ በዓመት 15,000 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃሉ እንበል። በሁለተኛው፣ 1,800 ስኩዌር ፊት በሆነ አዲስ ፎቅ ላይ፣ አንድ ሰው ብቻውን ይኖራል፤ 18,000 ይፈጃል። በነፍስ ወከፍ ካሰብነው አንደኛው ቤት 3,000፣ ሁለተኛው 18,000 ነው፤ ስድስት እጥፍ። በስኩዌር ፊት ካሰብነው ግን አምስቱ ቤተሰብ ወደ 17 ሲጠጉ ብቸኛው ሰው 10 ላይ ቁጭ ብሏል። በሕጉ ዓይን አባካኙ የትኛው ነው? አያትየው ናቸው!

ይህ የስሌት ጨዋታ አይደለም። የእኛ ሰው የሚኖርባቸው ሕንጻዎች ሰው የበዛባቸው ናቸው። ሌሊት የሚሠራው ቀን ይተኛል፣ ቀን የሚሠራው ማታ ይገባል፤ መብራቱ፣ ፍል ውኃው፣ ምድጃው ሃያ አራት ሰዓት ሥራ ላይ ነው። እንጀራም ይጋገራል። ስለ ምጣዱ አንዲት ነገር ካላልኩ አይሆንልኝም። አገር ቤት ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ ሦስት ኪሎዋት ተኩል የሚስብ ጉድ ነው። እዚህ ግን ሴቶቻችን አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ለኖርዌይ ዝርያ ላላቸው ሰዎች «ሌፍሰ» ለሚባል የድንች ቂጣ የሠራውን ክብ መጋገሪያ አገኙና፣ በተራ ሶኬት ላይ፣ በግማሹ ኃይል እንኳ ሳይሞላ፣ እንጀራ መጋገር ጀመሩ። ኃይል ቆጣቢነትን ማንም ካውንስል ሳያዛቸው፣ ማንም ሳይደጉማቸው አስገኙት። አንድም ግራፍ ላይ ግን አልተመዘገበላቸውም።

እርግጥ ነው፣ ሕጉ መውጫ በር አለው። ግቡ በገንዘብ አቅም የማይደረስ መሆኑን ያስረዳ ባለቤት የራሱን የማሻሻያ ዕቅድ አቅርቦ በዚያ ሊታይለት ይችላል። ነገር ግን ይህን ለማስረዳት መሐንዲስ መቅጠር፣ ጥናት ማሠራት፣ ፋይል መክፈት ያስፈልጋል። ሰማይ ጠቀስ ቢሮ ያለው ኩባንያ ለዚህ የተመደበ ሠራተኛ አለው። የእኛ ማኅበር ያለው ገንዘብ ያዥ የሆነች አንዲት ጡረተኛ መምህርትና እኔ ነን። ሕጉ እኛንና ያንን ኩባንያ «የሕንጻ ባለቤት» በሚል አንድ ስም ይጠራናል። ጋሼም በሕጉ ዓይን ባለ ንብረት ናቸው፤ ንብረታቸው ግን ሠላሳ ዓመት መሪ ይዘው የገዟት ሁለት ክፍል ናት። ብድሯን ጨርሰው «አሁንስ ዐረፍኩ» ባሉ ማግስት ስፔሻል አሰስመንት የሚባል መዋጮ ይመጣባቸዋል።

ተከራዩ ጋ ደግሞ ጉዳዩ መልኩን ይለውጣል። ፍሪጁን፣ ማሞቂያውን፣ መስኮቱን የሚመርጠው አከራዩ ነው፤ የኤሌክትሪኩን ሂሳብ የሚከፍለው ተከራዩ። አከራዩ ርካሹን ዕቃ ቢገዛ የሚጎዳው ነገር የለም። ይህን የሚሰብረው ሕግ ብቻ ስለሆነ ሕጉን የደገፍኩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ግን አከራዩ ሲገደድ ወጪውን ወዴት ይገፋዋል? የሞንትጎመሪ ካውንቲ በ2023 የኪራይ ጭማሪን ገደበ፤ በዓመት ከዋጋ ንረቱ ላይ 3 በመቶ ተጨምሮ፣ ወይም 6 በመቶ፣ ከሁለቱ አነስተኛው። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው በ2024 ነው። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን አከራዩ ለሕንጻ ማሻሻያ ያወጣሁት ወጪ አለ ብሎ ከጣሪያው በላይ ለማስከፈል እንዲያመለክት በሩን ክፍት አድርጎለታል። እንግዲህ በአንድ እጅ «አሻሽል» የሚል ሕግ፣ በሌላ እጅ «ያሻሻለ ይጨምር» የሚል በር። ሁለቱን ሕግ ያወጣው ያው ምክር ቤት ነው። ሁለቱ በአንድ ተከራይ ጫንቃ ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢመከርበት ኖሮ፣ ቢያንስ ተከራዩ በኤሌክትሪክ ሂሳቡ ካገኘው ቁጠባ በላይ ኪራይ አይጨመርበትም የሚል አንድ መስመር ይገባ ነበር።

«ቨርጂኒያ ሄዶ መኖር ነው» ለሚለው ወገን መልሴ አሌክሳንድሪያ ናት። እዚያ ይህ ሕግ የለም። ሊኖርም አይችልም፤ ከተማዋ ስላልፈለገች ሳይሆን ስላልተፈቀደላት ነው። የአዮዋው ዳኛ ጆን ዲለን በ1868 በሰጠው ብያኔ ላይ የቆመው የቨርጂኒያ ሥርዓት ከተሞች ሪችመንድ ለይታ ከሰጠቻቸው ሥልጣን ውጭ ምንም እንዳይኖራቸው ያደርጋል። አሌክሳንድሪያ በ2019 ያወጣችው የአረንጓዴ ሕንጻ ፖሊሲ የሚይዘው በዋናነት አዲስ ለመገንባት ፈቃድ የሚጠይቀውን ነው። በ1960ዎቹ የተሠራውን ባለ ብዙ ፎቅ «መስኮትህን ቀይር» የምትልበት ጉልበት የላትም። «ኪራይህን ገድብ» የምትልበትም የላትም።

ታዲያ ሕግ ባለመኖሩ ኪራዩ ረከሰ? የሳዘርን ታወርስን ታሪክ የማያውቅ አበሻ በዚህ አካባቢ የለም። በሴሚናሪ ሮድ፣ ከ395 አውራ ጎዳና አጠገብ የቆሙት አምስቱ ፎቆች ለስንቱ የመጀመሪያ አድራሻ ነበሩ። አማዞን በ2018 መገባደጃ ላይ ሁለተኛ ዋና መሥሪያ ቤቱን በአርሊንግተን እንደሚሠራ አስታወቀ፤ በ2020 ፎቆቹ ለሌላ ባለሀብት ተሸጡ፤ በዚያው በወረርሽኙ ዘመን ተከራዮቹ፣ ከመካከላቸው ብዙ የእኛ ሰዎች፣ ኪራይና መፈናቀልን በመቃወም አደባባይ ወጡ። የአየር ንብረት ሕግ አልነበረም፤ የኪራዩ ጭንቀት ግን ነበር። ቦይለሩም አሮጌው እንደሆነ ነው።

እዚያው አሌክሳንድሪያ በሌላ ሕንጻ የምትኖር አንዲት ዘመዴ በየወሩ የሚደርሳትን ሂሳብ አሳየችኝ። የራሷ ቆጣሪ የላትም። የሕንጻው ጠቅላላ ሂሳብ በሆነ ቀመር ተከፋፍሎ ድርሻዋ ይጻፍላታል። አንድ ወር አገር ቤት ሄዳ ቤቷ ተዘግቶ ሳለ የመጣላት ሂሳብ ከሌላው ወር ብዙም አይለይም። «ታዲያ ለምን ብዬ ነው የምቆጥበው?» ትላለች። የሜሪላንድ ግዛት በ2024 ባወጣው የተከራዮች ደህንነት ሕግ እንዲህ የሚያከፋፍል አከራይ ስሌቱን በጽሑፍ እንዲያሳውቅ አዟል፤ መልካም ነው። ማሳወቅ ግን ቆጣሪ መግጠም አይደለም።

ይህ ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ግቢ ውስጥ ተከራይቶ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ከ2006 እስከ 2018 መጨረሻ በነበረው ታሪፍ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ሰው ዋጋው 27 ሳንቲም ገደማ ነበር፤ ለድሃው ተብሎ የተደረገ ድጎማ። ግን ድሃው ተከራይ ነዋ! አምስትና ስድስት ቤተሰብ በአከራዩ አንድ ቆጣሪ ሥር ሲሰበሰብ የግቢው ፍጆታ ከ50 ያልፍና ድሆቹ ተደምረው ሀብታም ይሆናሉ፤ ውዱን ዋጋ ይከፍላሉ። አከራይዋም ምጣድ አትሰኩም፣ ካውያ አትጠቀሙ፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ መብራት ይጥፋ ይላሉ። ድጎማው የደረሰው ብቻውን ቆጣሪ ላለው ነበር። በአዲስ አበባም በአሌክሳንድሪያም የድሃን ቤት ከፖሊሲው የሚያገናኘው ክር ቆጣሪው ነው፤ ክሩ ሲበጠስ ፖሊሲው ለሌላ ሰው ይደርሳል።

የገንዘቡ ነገርም እንዲሁ ነው። በሜሪላንድ ከ2008 ጀምሮ ኤምፓወር የሚባል የኃይል ቁጠባ ፕሮግራም አለ፤ የሚደጎመው በእያንዳንዳችን የኤሌክትሪክ ሂሳብ ላይ በሚጨመር ክፍያ ነው። ጋሼም ይከፍላሉ፣ ቤተዝዳ ያለው ጠበቃም ይከፍላል። ቅናሹን ለመውሰድ ግን ጣሪያ የራስ መሆን፣ ዕቃ ገዝቶ መጠበቅ፣ ቅጽ መሙላት ይጠይቃል። በ2022 የወጣው የፌዴራል ሕግ ሂት ፓምፕ ለሚያስገባ የቤት ባለቤት እስከ 2,000 ዶላር ከግብሩ ይቀንስለት ነበር፤ ግብሩ አነስተኛ ለሆነው ጡረተኛ የሚቀነስለት ነገር አልነበረም፤ በ2025 በወጣው ሕግም ያ ጥቅም ከዚያው ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ተቋረጠ። ከ1976 ጀምሮ ያለው የፌዴራል ፕሮግራም የዝቅተኛ ገቢ ሰዎችን ቤት ብርድ እንዳያስገባ አድርጎ ያድሳል፤ ብዙ ቤት ላለው ሕንጻ ግን በመደበኛው ደንብ ከነዋሪው ሁለት ሦስተኛው በገቢ ብቁ መሆን አለበት። እንደ እኛ ድሃውና መካከለኛው ተደባልቆ የሚኖርበት ሕንጻ በዚያ ወንፊት አያልፍም። ካውንቲው የራሱ አረንጓዴ ባንክ አለው፤ በአሜሪካ በካውንቲ ደረጃ የመጀመሪያው ነው፣ ሊመሰገን ይገባል። ዋና ሥራው ግን ብድር ነው፤ ብድር ደግሞ ብድር ነው።

ቨርጂኒያ በዚህ ረገድ ለአጭር ጊዜ ከሜሪላንድ የተሻለ ነገር አሳይታ ነበር ብል የሚገረም ይኖራል። በ2021 የሰሜን ምሥራቅ ግዛቶች የካርቦን ገበያ ውስጥ ገብታ በሦስት ዓመት ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይ አገኘች፤ ግማሹ በሕግ የተመደበው ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች መኖሪያ የኃይል ቁጠባ ነበር። ማለትም በካዩ ይከፍላል፣ የድሃው ቤት ይታደሳል። ከዚህ የተሻለ ቀመር አላውቅም። ገዥው ያንግኪን «ይህ በሂሳባችሁ ላይ የተጫነ ስውር ግብር ነው» ብለው በ2023 መጨረሻ ግዛቲቱን አስወጡ። በኅዳር 2024 አንድ የግዛቱ ዳኛ አወጣጡ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፈረደ። እነዚያ ገበያው የሌለባቸው ዓመታት ሂሳቡን አላረከሱትም። አሥራ ሦስት ግዛቶችንና ዲሲን በሚያገናኘው የፒጄኤም መረብ ኃይል ተዘጋጅቶ እንዲጠብቅ የሚከፈለው ዋጋ በሐምሌ 2024ቱ ጨረታ በሜጋዋት በቀን ከ28.92 ወደ 269.92 ዶላር ዘለለ፤ ዘጠኝ እጥፍ ገደማ። ከምክንያቶቹ አንዱ በላውደን ካውንቲ እንደ እንጉዳይ የፈሉት የዳታ ማዕከሎች ፍላጎት ነው። ሰኔ 2025 ላይ ጭማሪው ሂሳባችን ላይ ወጣ። እንግዲህ አንድ የዳታ ማዕከል የሚጠጣውን ኃይል ለመተካት ጋሼ መስኮት ይቀይራሉ ማለት ነው? ነገሩ እንዲህ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ስብሰባ ላይ ይህ ጥያቄ ቢነሳ የሚመልሰው ሰው አላገኘሁም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ማንም ሲያሰላው ያላየሁት። አበሻ በዚህች ከተማ ከአዳምስ ሞርጋን ተነሥቶ ወደ ዩ ስትሪት፣ ከዚያ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ የመጣው ኪራይ እየገፋው ነው። አሁንም የሚገፋው ከሆነ ወደ ጀርመንታውን፣ ወደ ፍሬድሪክ፣ ወደ ውድብሪጅ ነው የሚሄደው፤ ሜትሮ ባቡር ወደማይደርስበት። በሬድ ላይን ሥራ ይሄድ የነበረው ሰው በየቀኑ ስልሳ ሰባ ማይል ሲነዳ የሕንጻው ቁጥር ይወርዳል፤ አዲሱ ሀብታም ነዋሪ ብቻውን በሰፊ ወለል ላይ ስለሚኖር ቁጥሩ ይበልጥ ያምራል። ጭሱ ግን አልጠፋም፤ አውራ ጎዳና 270 ላይ ወጥቷል።

ስለዚህ የምቃወመው የሕጉን ቅደም ተከተል ነው። ገንዘቡ ከቀነ ገደቡ መቅደም አለበት። ሰው የበዛባቸው ሕንጻዎች በነዋሪ ብዛት ጭምር መለካት አለባቸው። ነዋሪው ራሱ ባለቤት የሆነባቸው አሮጌ ኮንዶሚኒየሞች ከኩባንያ አከራዮች ተለይተው መታየት፣ ጥናታቸውም በሕዝብ ወጪ መሠራት አለበት። ይህን ለማለት ኢኮኖሚስት መሆን አያስፈልግም፤ ምስክር መሆን ይበቃል። እዚህ ላይ ራሴን ጨምሬ የምወቅሰው እኛን ነው። ስለ አራት ኪሎ ቤተ መንግሥት በሳምንት ሦስት ጊዜ እንጽፋለን። የአገር ቤት ሕገ መንግሥት የትኛው አንቀጽ እንደሚሻሻል ቃል በቃል እንከራከራለን። ሮክቪል ያለው የካውንቲ ምክር ቤት ስለ ራሳችን ማሞቂያ የሕዝብ አስተያየት ሲሰማ ግን እኔም ቀርቤ አላውቅም ነበር። አከራዮቹ ጠበቃ ይዘው ይገኛሉ፤ የአካባቢ ተቆርቋሪዎቹ አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሰው ይገኛሉ። ስለ ጋሼ የሚናገሩት ሁለቱም ናቸው፤ አንደኛው ኪራይ ሊጨምርባቸው፣ ሌላኛው ቀን ሊቆርጥባቸው።

ለሚቀጥለው የሕዝብ ውይይት ስማችንን አስመዝግበናል። ለአንድ ሰው የሚሰጠው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ጋሼ በአማርኛ ይናገራሉ፣ እኔ አስተረጉማለሁ። ምን እንደሚሉ ስጠይቃቸው የሂሳብ ወረቀቶቻቸውን በላስቲክ አስረው አሳዩኝ፤ ከገቡበት ዓመት ጀምሮ አንድም አልጣሉም። ስንነጋገር ጥቅምት ነበር፤ ቦይለሩ በርቶ፣ መስኮታቸው ወለል ብሎ ተከፍቶ።